ውል አዋዋይ ማን ነው? የጣት አሻራስ መቼ ይጸናል?

በራፖር ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ የቤት ሽያጭ ወይም የብድር ውል እንደ ሌሎች ትናንሽ ከተሞች ሁሉ በካፋ ዞን ሺሺንዳም እንግዳ ነገር አይደለም። ችግሩ የሚገለጠው ከተዋዋዮቹ አንዱ የካደ ዕለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ሥርዓት ግዴታ መሆኑን ወስኗል፤ በኋላ የተሰጡ ውሳኔዎች ሻጩ ሽያጩን ያልካደበትን ሁኔታ ለይተው ቢያዩትም።

አርሶ አደሩን ይበልጥ የሚነካው ግን ቁጥር 1728 ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዐይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ቡናውን አስይዞ የተበደረ ሰው በዚህ ሊጠበቅ ይችላል፤ በአሻራ ብቻ ያበደረው ደግሞ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ታዲያ ውል አዋዋይ መሆን የሚችለው ማን ነው? በአሜሪካ ለዚህ ሥራ በአብዛኛው የሕግ ዲግሪ አይጠየቅም፤ ዕድሜው የደረሰ ነዋሪ ለሚኖርበት ግዛት አመልክቶ ይሾማል። በፈረንሳይ በአንጻሩ ረጅም የሕግ ሥልጠና አልፎ በፍትሕ ሚኒስትሩ የሚሾም ባለሙያ ነው። በኢትዮጵያ ሥራው የመንግሥት ነው፤ አመልካቹም የሚወዳደረው በሕግ ትምህርቱ ለመንግሥት ሠራተኛነት በሚወጣ ክፍት የሥራ መደብ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 922 የሚመሩ ሲሆን፣ በክልሎች አገልግሎቱን በአብዛኛው የፍትሕ ተቋማት ይሰጣሉ።

የሕግ ዕውቀት የተጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሹሙ የተዋዋዮቹን ችሎታ፣ መብትና ሥልጣን እንዲሁም የሰነዱን ሕጋዊነት ይመረምራል፤ ማኅተም ማኖር የመጨረሻው ሥራው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት ስለማይሸጥ የእርሻ መሬት ሽያጭን ሕጋዊ ሊያደርግ የሚችል ሹም የለም። የገጠር መሬት ኪራይና ውርስ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዘገባሉ።

ሕጉ ይህን ያህል ጥብቅ ከሆነ አገልግሎቱም ለገበሬው ቅርብ ሊሆን ይገባል። ለአንድ አሻራ ማረጋገጫ የሥራ ቀን የሚያባክንና የትራንስፖርት የሚከፍል ሰው ወደ ራፖር ጸሐፊው ቢመለስ አያስደንቅም።