ገበሩ ነው የከዳሽ፣ ሰውነትሽ አይደለም!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከጋምቤላ፣ ከትየርኪዲ ነው። ለማታውቁት፣ ትየርኪዲ ኢታንግ ውስጥ ያለ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው፤ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸውን ለመቀበል በ2006 ዓ.ም. የተከፈተ። ጠያቂያችን አዲሳባ ተወልዳ ያደገች፣ ለሥራ ወደዚያ የሄደች ወጣት ናት። ደብዳቤዋ ሦስት ገጽ ነው፤ ሁለቱ እንባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፋሲካ በኋላ ታናሽ እህቷ ታገባለች። ሚዜዎቹ ከመርካቶ አንድ ዓይነት ስትሬች ጨርቅ አስቆርጠው ተከፋፍለዋል፤ የእሷም ድርሻ፣ ሁለት ሜትር፣ በመንገደኛ ተልኮላታል። የእግር መኪና ተውሳ ልክ ያለ እጅጌ የሌለው ቦዲ ቀደደች፤ እንዳያሳይ ብላም ገበር አደረገችበት። ስትለካው ትከሻዋ ላይ ተወተፈ። ጎተት ብታደርገው ጧ! ከብብት እስከ ወገብ ተተረተረ። «አብራኝ የምትኖረው ልጅ ‘ወፍረሻል እኮ’ ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ መስታወት አላይም። የቀረኝ አንድ ሜትር ነው፤ ጨርቁ ደግሞ ከሱቁ አልቋል። ሥራ አልለቀቀኝም ብዬ ከሚዜነቱ ልቅር ወይ?» ትለኛለች።

አትቀሪም! ለእህትሽ ውሸት የምትነግሪበት አንዳችም ምክንያት የለም። እስቲ ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው፤ ገበሩን «ለቀሚስ የሚሆን የሚያብለጨልጭ ገበር» ብለሽ ጽፈሻል። ምን አለፋሽ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ስትሬች ጨርቅ የሚሳበው ከውስጡ ላይክራ የምንለው ክር ስላለ ነው። ይህን ክር በ1958 እ.ኤ.አ. የሠራው የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ ነው፤ ክሩ ብቻውን ከርዝመቱ አምስት እጥፍ በላይ ይለጠጣል። የቀሚስ ገበር ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን ስታጋቢያቸው ላዩ ልሳብ ይላል፣ ውስጡ እንቢ ይላል፤ መሃል ላይ ክሩ ይበጠሳል። ቀጭንም ብትለብሰው ያው ነው።

ስለዚህ ገበርሽ ራሱ የሚሳብ ይሁን። ብዙ አትድከሚ፤ ሰፋ ያለ ንጹሕ የጥጥ ካናቴራ ግዢና እሱን ቅደጂ። ጥጥ ስትይ ደግሞ ለአንቺ አገር ሙቀት ነፍስ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ያ የሚያብለጨልጭ ገበር ላብ አይመጥም፣ ገላ ላይ ይለጠፋል። ካናቴራውን ግን መጀመሪያ እጠቢውና አድርቂው። ሳይታጠብ ከተቀደደ ከሰርጉ በኋላ ውስጡ ተሸምቅቆ ላዩን ይሰበስብብሻል።

አሁን መለኪያ። ከጨርቁ 10 ሳንቲ ሜትር ያዢና በማስመሪያ ላይ ሳቢው። 13 ከደረሰና ስትለቂው ተመልሶ 10 ላይ ከገባ ጥሩ ነው። ካናቴራውንም እንዲሁ። ከሁለቱ ቆጠብ የሚለው ነው የሚያዘው፤ ላዩ 15 ደርሶ ውስጡ 13 ቢሆን፣ ልኩ በ13ቱ ነው የሚወጣው። ደረትሽ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተሰፍቶ 85 ይሁን፤ ሲለበስ ይሳባል። ለስፌት በየዳሩ 1 ሳንቲ ሜትር ጨምሪ። የሚሳበው አቅጣጫ ደግሞ በሰውነትሽ ዙሪያ የሚሄድ ይሁን እንጂ ከላይ ወደ ታች አይሁን።

ልብ በይ፣ የላዩን ጨርቅ ገና አትንኪው! አስቀድመሽ ገበሩን ብቻ ቀደሽ በእጅሽ ሳሳ አድርገሽ ሰፍተሽ ልበሺው። ክንድሽን አንሺ፣ ቁጭ በይ፣ ተንፍሺ። የሚጠበውን አስፊ፣ የሚሰፋውን ያዥ። ጀርባሽን የሚያይልሽና ስፒል የሚሰካልሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ ያቺው የሳቀችው ትሥራ። ልክሽ ሲገኝ ስፌቱን ፍችውና በእሱ ልክ ላዩን ቅደጂ። ላዩ ላይ መሳሳት የለም፤ አንድ ሜትር ነው ያለሽ።

ስፌቱ እንዲህ ነው። የላዩን ትከሻ ለብቻ፣ የገበሩን ትከሻ ለብቻ ስፊ፤ ጎናቸውንና የጀርባቸውን መሃል ክፍት ተዪው። የላዩ ትከሻ ላይ የማይሳብ ቀጭን ጥብጣብ አብረሽ ስፊበት፣ አለዚያ እየረዘመ ይወርድብሻል። ከዚያ ፊትና ፊታቸውን ገጥመሽ የአንገቱንና የሁለቱን ብብት ዙሪያ ስፊ። ገበሩ እዚያ ጋ ከላዩ 2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቢሆን ወደ ውስጥ ይገባል፣ አያጮልቅም። ኩርባው ላይ ስፌቱን ሳትነኪ በመቀስ ጠቀስ ጠቀስ አድርጊው። አሁን የጀርባውን ግራና ቀኝ ክፍል እያንዳንዱን በየትከሻው ውስጥ አሳልፈሽ ወደ ፊት ሳቢው፤ ሁሉም ይገለበጣል። ይህን የሚያሳይሽ ካገኘሽ አስማት ይመስልሻል። የቀረው ጎኑና የጀርባው መሃል ነው፤ ላዩን ከላዩ፣ ገበሩን ከገበሩ ገጥመሽ በአንድ መስመር ትወርጂበታለሽ። ታችኛውን ጠርዝ ለየብቻ እጠፊ፣ ገበሩ በ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይጠር።

መኪናዋ ዚግዛግ ካላት ስፋቱን 1፣ ርዝመቱን 2.5 ሚሊ ሜትር አድርጊው። ቀጥ ያለ ብቻ የምትሰፋ ከሆነችም ግድ የለም፤ ጨርቁን ከፊትና ከኋላ በሁለት እጅሽ ትንሽ ሳብ አድርገሽ ያዥው፣ ግን መርፌዋን አትጎትቻት። ጎኑ ላይ ሁለት ጊዜ ሂጂበት። ክርሽ ፖሊስተር ይሁን፣ የጥጥ ክር ቶሎ ይበጠሳል። መርፌው ደግሞ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፣ ለስትሬች የሚሆነው ነው፤ ሹሉ የጨርቁን ቋጠሮ እየበጠሰ ቀዳዳ ያወጣብሻል።

ካውያው ለብ ያለ ይበቃዋል። ስታጥቢው በቀዝቃዛ ውኃ፣ ያለ በረኪና፣ ጥላ ላይ ነው የሚደርቀው፤ ላይክራ ሙቀት አይወድም። የመርፌውን ነገር ግን ዛሬውኑ ለእህትሽ ደውለሽ ንገሪያት፤ መንገደኛ በፈለጉት ቀን አይገኝም።