በፎቶ የሚላክ ትምህርት

ሰሜን ወሎ፣ ሐብሩ ወረዳ፣ ውርጌሳ ወይም መርሳ ያለ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ማስታወሻውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለክፍሉ በቴሌግራም ቢለቅ ማንም አያማውም። ኮፒ ማስነሻው ተወዷል፣ ስልክ ደግሞ በየኪሱ አለ። ጣጣው የሚመጣው ከተማሪዎቹ አንዱ ዓይነ ስውር የሆነ ጊዜ ነው። አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው ቶክባክ ጣት ያረፈበትን ጽሑፍ በድምፅ ይናገራል፤ ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ምስል መሆኑን ተናግሮ ያልፋል። ያው ማስታወሻ በፊደል ተተይቦ ቢላክ መሣሪያው የሚያነበው ያገኝ ነበር።

የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሲነሳ ባለሥልጣኑም ለጋሹም ስለ ውድ መሣሪያ ማውራት ይቀናቸዋል። መሣሪያ ያስፈልጋል። ይሁንና ዛሬ ብዙ ዓይነ ስውር ተማሪን ከትምህርት የሚነጥለው ፋይሉ የተዘጋጀበት መንገድ ነው፤ ይህን ለማረም ደግሞ በጀት አይጠበቅም።

ኤንቪዲኤ የተባለውን የኮምፒውተር ጽሑፍ አንባቢ እ.ኤ.አ. በ2006 መሥራት የጀመሩት ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን ናቸው። በነጻ ይወርዳል። አብሮት የሚሠራው የድምፅ ማውጫ ኢስፒክ ኤንጂም ነጻ ሲሆን አማርኛ ያነባል። እርግጥ ድምፁ ቆርቆሮ የሚቀጠቀጥ ይመስላል፤ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ግን ለዛ አይመርጥም። ይልቅ የሚያስቸግረው ስካን የተደረገው መጽሐፍና በድሮ ፎንት የተተየበው ሃንድአውት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ገጽ ለሚያይ ሰው «ታሪክ» ቢልም ኮምፒውተሩ ዘንድ የላቲን ምልክቶች ክምር ነው። ጽሑፍ አንባቢውም ክምሩን እንዳለ ያነበንበዋል።

ጽሑፍ አንባቢ ብሬልን ይተካል ማለት አይደለም። በጆሮ ብቻ የተማረ ልጅ መጻፍ ይቸገራል። ነገር ግን በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አብዛኛው ፊደል ሁለት ቦታ ይወስዳል፤ አንድ መማሪያ መጽሐፍ ወፋፍራም ጥራዞች ይወጣዋል። እያንዳንዱ የገጠር ትምህርት ቤት እስኪደርሰው ማን ይጠብቃል?

ወሎ ይህን ጥበቃ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበለችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ የወሎዋ አማራ ሳይንት ልጅ ናት። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ስታጣ የተማረችው እዚያው አገሯ አይደለም፤ ሻሸመኔ ባለው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ዓይነ ስውርነቷ ያለዕድሜ ከመዳር እንዳዳናት ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። የእሷ ብርታት ይደነቃል፤ ፊደል ለመቁጠር አገር ማቋረጥ ግን ዛሬም የሐብሩ ሕፃን ዕጣ ሊሆን አይገባም።

ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። መጻሕፍትን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ለዓይነ ስውራን በሚመች ቅጂ ማዘጋጀት የሚያስችለውን የማራካሽ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላለች። የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ ሲሆንማ ፈቃድ ጠያቂም ሰጪም ያው መንግሥት ነው! ትምህርት ሚኒስቴር ከሚታተመው መጽሐፍ ጎን ንጹሕ የዩኒኮድ ቅጂ ቢለቅ የሚከለክለው የለም።

ቴክኖሎጂ ሲገባ ማን እንደሚቀር አለመጠየቅ የቆየ ልማድ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲተከል መምህሩ ከስክሪን በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያስተምር ነበር። የማያይ ተማሪ ሥዕሉ፣ የማይሰማ ተማሪ ደግሞ ንግግሩ ያመልጠው ነበር።

አሁን ሰሜን ወሎ ላይ ሌላ ዕድል አለ። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት የዞኑ ትምህርት ቤቶችና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ፈርሶ በሚሠራ ክፍል ደጃፍ ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ማበጀት፣ ደረጃ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አፍርሶ ከመጀመር እጅግ ይረክሳል። የሕንጻ አዋጁም ለሕዝብ አገልግሎት በሚውሉ ሕንጻዎች ላይ ይህንኑ ያዝዛል። በተዘረፉት ፋንታ የሚገዙ ኮምፒውተሮችም ኤንቪዲኤ ተጭኖባቸው ወደ ክፍል ቢገቡ ዋጋቸው በሳንቲም አይጨምርም። መምህሩም ማስታወሻውን ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ቢተይበው ለሚያየውም ተማሪ ይጠቅማል፤ ደብዝዞ በተነሳ የጠመኔ ጽሑፍ የማይማረር የለምና።