መጠለያ ጣቢያን የሚጠብቀው ነዋሪው ነው

የላስታ ሕዝብ ሁለቱንም ወገን ያውቃል። እንግዳ ተቀብሎ ማሳደርን ያውቃል፤ ቀዬውን ጥሎ በሰው አገር ማደርንም ያውቃል። በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች ድርቅና ጦርነት እየተፈራረቁ ሰውን ከቤቱ ሲያስወጡት ኖረዋል። ስለዚህም በመጠለያ ጣቢያ የሚኖር ሰው ደኅንነቱ በማን ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ ለዚህ አካባቢ ሩቅ ጥያቄ አይደለም።

ለጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ እህል፣ ብርድ ልብስ፣ ድንኳንና ዘበኛ ነው። እነዚህ ሁሉ እንደሚያስፈልጉ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ እህሉ በእርግጥ ለተቸገረው መድረሱን፣ በድንኳኑ ውስጥ ያለችው ልጃገረድም ያለ ሥጋት ማደሯን የሚከታተል ሌላ ኃይል ካልታከለበት፣ ዘበኛው የሚጠብቀው መጋዘኑን ብቻ ይሆናል። ያም ኃይል የነዋሪው የራሱ ኅብረት ነው።

ካለፈው የተገኘ ትምህርት

የ1966ቱ የወሎ ረኀብ ለእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መመሥረት ምክንያት መሆኑ ይታወሳል። ከዚያ በኋላ በ1977 ዓ.ም. ሌላ የከፋ ረኀብ በመጣ ጊዜ ከላስታ፣ ከዋግና ከራያ የተነሣው ሕዝብ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ወደ ኮረምና ወደ ሌሎች መጠለያዎች ጎረፈ። በመጠለያዎቹ ሰው ያለቀው በረኀብ ብቻ አልነበረም። ተስቦ፣ ኩፍኝና ተቅማጥ በተጨናነቀው ሕዝብ መካከል እየተዛመቱ፣ እህል ሊቀበል የመጣውን ሁሉ ሳይለዩ ጨርሰዋል።

በዚያው ዘመን የሰፈራው ሥራ ተከተለ። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ሲወሰድ ትልቁን ድርሻ የያዘው የወሎ ሰው ነበር። ወደው የሄዱ ነበሩ፤ ሳይወዱ የተወሰዱ፣ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ የተለያዩባቸውም ብዙ ነበሩ። በመጠለያ ያለ ሰው ተረጂ ተብሎ ይቆጠር ነበር እንጂ አሳቡን የሚናገርለት ተጠሪ አልነበረውም። ቤተሰብን በስምና በዝምድና የሚያውቅ፣ «ይህች ልጅ የዚያ ሰው ናት፣ አትነጥሏቸው» የሚል የነዋሪ ማኅበር ሥልጣን ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ከመለያየቱ ጥቂቱ እንኳ በቀረ ነበር።

የታሪኩ መራራ ክፍል ደግሞ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ታየ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ዞን በጊምቢ ወረዳ በቶሌ ቀበሌ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከወሎ ሄደው የሰፈሩ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን ከወለጋ የሸሹ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ በጃራ፣ በደቡብ ወሎ በሐይቅ አካባቢ፣ በሰሜን ሸዋም በደብረ ብርሃን ተጠልለዋል። አባት ከመጠለያ ወጥቶ ሰፋሪ ሆነ፤ ልጅ ከሰፈራ ወጥቶ ወደ አባቱ አገር በመምጣት በመጠለያ ገባ።

ላስታም በበኩሉ አልተረፈም። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ብዙ ነዋሪዎቿ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሌሎች ከተሞች ሸሽተዋል። በጎረቤት በዋግም ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉት በሰቆጣ አካባቢ ተጠልለዋል።

ስደተኛና ተፈናቃይ

በሕግ ዓይን ድንበር ተሻግሮ የመጣው ስደተኛ ሲሆን፣ በገዛ አገሩ ውስጥ ቀዬውን የለቀቀው ደግሞ ተፈናቃይ ነው። ስደተኛውን እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በአዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነትና የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይጠብቁታል። ለተፈናቃዩ የቆመው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች። ሕጉ ይለያይ እንጂ በድንኳን ውስጥ ያለው ኑሮ አንድ ነው። በደባት የዓለምዋጭ ጣቢያ የተጠለለው ኤርትራዊና በጃራ የተጠለለው ወሎዬ የሚገጥማቸው ችግር ተመሳሳይ ነው።

አደጋው የት ነው?

በእርዳታ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው የስፊር መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት፣ የውኃውም ቦታ ከ500 ሜትር ያልራቀ እንዲሆን ይላል። ይህ ልክ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የትኛው መጸዳጃ ቤት መወርወሪያ እንደሌለው፣ የትኛው መንገድ ሲመሽ እንደሚያስፈራ፣ የትኛዋ ሕፃን ያለ ዘመድ ከማታውቀው ሰው ጋር እንደምታድር ከመመሪያው አይገኝም። ይህን የሚያውቀው እዚያው የሚያድረው ሰው ነው።

የማገዶን ነገር ብቻ መመልከት ይበቃል። ላስታ ደኑ ከተመናመነ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ገበሬው እንጀራውን የሚጋግረው ከበረቱ በሚያገኘው ኩበትና በደጁ በተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ተፈናቃዩ ግን ከብትም ባሕር ዛፍም የለውም። እህሉ በስፍር ይሰጠዋል፤ የሚያበስልበት ማገዶ ግን አብሮት አይመጣም። ስለዚህ እናት ወይም ሴት ልጅ ማለዳ ተነሥታ የሰው መሬት አቋርጣ ወደ ሩቅ ቁጥቋጦ ትሄዳለች። በመንገድ ላይ ጥቃት ያገኛታል፤ ወይም ባለ መሬቱ ዛፌን ቆረጠች ብሎ ይጣላታል። በአንድ የማገዶ ሸክም የሴቲቱ ደኅንነትና የሁለት ሕዝብ ጉርብትና አብረው ይፈተናሉ።

እዚህ ላይ ኅብረት ያለው መጠለያና ኅብረት የሌለው መጠለያ ይለያሉ። ኅብረት ካለ ሴቶቹ ቀን ለይተው በቡድን ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች አስቀድመው ከቀበሌው ሰው ጋር ተነጋግረው የሚቆረጥበትንና የማይቆረጥበትን ቦታ ይለያሉ፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ከጭቃ ይሠራል። ኅብረት ከሌለ ግን እያንዳንዷ ለብቻዋ ትወጣለች፤ የደረሰባትንም ለብቻዋ ይዛ ትቀራለች።

ቅሬና የገና እንግዳ

ይህን ለማደራጀት አዲስ ጥበብ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ይባላል። ቅሬ የአባላቱን ቤት አንድ በአንድ ያውቃል። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተበት፣ ማን ብቻውን እንደቀረ ሳይነገረው ይደርስበታል። መዋጮ ይሰበስባል፤ የቀረውን ይቀጣል፤ የተጣላውን ያስታርቃል። ሰው በተፈናቀለ ጊዜ ድስቱና ድንኳኑ ይቀራሉ፤ የቅሬው ልማድ ግን አብሮት ይሄዳል። ከልዩ ልዩ ወረዳ የመጡ ሰዎች በተቀላቀሉበት መጠለያ እንኳ በድንኳን ረድፍ አዲስ ቅሬ ማቋቋም የሚቻል ነው። ኢትዮጵያዊ ያልሆኑት ስደተኞችም የራሳቸው የመረዳጃና የሽምግልና ልማድ አላቸው፤ እርሱን መጠየቅና በእርሱ ላይ መገንባት ይበጃል።

ላሊበላ ራሷ ሌላ ምሳሌ ናት። በየዓመቱ ለገና በዓል ከከተማይቱ ነዋሪ ብዙ እጥፍ የሚሆን ምእመን፣ የሚበዛውም በእግሩ ተጉዞ ይመጣል። ነዋሪው የእንግዳውን እግር ያጥባል፤ ያለውን ያቀርባል፤ ማደሪያ ያሳያል። ካህናቱ፣ ወጣቶቹና እማወራዎቹ ሥራ ይከፋፈላሉ፤ የጠፋ ልጅ ይፈለጋል፤ የደከመ ሽማግሌ ይደገፋል። በእርግጥ የገና እንግዳ በቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ ተፈናቃይ ግን ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ብዛት ያለውን ሕዝብ በሥርዓት የሚያስተናግድ ችሎታ በዚህ ምድር መኖሩን የገና በዓል በየዓመቱ ያሳያል።

ኮሚቴም ይበላሻል

ይህ ማለት ኮሚቴ በመቋቋሙ ብቻ ችግሩ ይወገዳል ማለት አይደለም። ኮሚቴም ይበላሻል። ጉልበት ያለው ይመረጣል፤ ዘመዱን ያስቀድማል፤ መዝገቡን በእጁ ይይዛል። ሴት ከወንበሩ ካልተቀመጠች የሴት አቤቱታ አይሰማም። የደረሰባት በደል ከኮሚቴው አባል ከሆነ ደግሞ ለማን ትናገራለች?

በዚህ ረገድ የላስታ ገበሬ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ያገኘው ልምድ አለ። በአሠራሩ መሠረት ተጠቃሚውን የሚመርጠው ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ሲሆን፣ የተመረጡት ስም በሕዝብ ፊት እንዲነበብ፣ ቅር ያለውም ሰው መራጮቹ በሌሉበት በሌላ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲሰማ ታዝዟል። አሠራሩ በየቦታው እኩል ተፈጽሟል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ስም በአደባባይ መነበቡ ብዙ ተንኮል እንደሚያስቀር ገበሬው ያውቃል፤ ማን ስንት በሬ እንዳለው ጎረቤት ስለማይሳሳት ነው።

ይህ ቁጥጥር ሲላላ የሚመጣው ጉዳት በ2015 ዓ.ም. ታይቷል። እርዳታው ለማይገባቸው ወገኖች መዋሉ ተደርሶበት የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቋረጡ። ለስደተኞች የቀጠለው ከወራት በኋላ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ ሆነ። እህሉን ከሥር የሚቆጣጠር የነዋሪ ዓይን ከሌለ ቅጣቱ የሚወድቀው በተቸገረው ላይ ነው።

የመንግሥት ኃላፊነት አይቀርም

«ሕዝቡ ራሱን ይጠብቅ» የሚለው ቃል ለቸልተኝነት መሸፈኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። በ2016 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር በአውላላ መጠለያ የነበሩ ሱዳናውያን ስደተኞች ዘረፋና ጥቃት ስለበዛባቸው ጣቢያውን ለቀው ወጥተዋል። መሣሪያ የታጠቀ ወንበዴ በነዋሪ ኮሚቴ አይመለስም። ሕግ ማስከበር፣ ወንጀለኛን ለፍርድ ማቅረብ፣ የመታወቂያ ወረቀት መስጠትና መሬት መፍቀድ የመንግሥት ሥራ ነው። የካምፓላውም ስምምነት ተፈናቃይን የመጠበቅና የመርዳት ቀዳሚ ግዴታ የጣለው በመንግሥት ላይ ነው። የነዋሪው ኅብረት የሚሠራው መንግሥት ሊያየው የማይችለውን አይቶ ማመልከትና በጉርብትና የሚፈታውን መፍታት ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ አይችልም።

የተቀባዩም ሕዝብ ነገር መዘንጋት የለበትም። ተፈናቃይ የሚሰፍርበት ቀበሌ ራሱ ድርቅ ያጠቃው፣ መሬቱ የጠበበ ቀበሌ ነው። ለመጠለያው የተቆፈረ ጉድጓድ ለጎረቤቱም ቢጠቅም፣ ጤና ጣቢያው ሁለቱን ቢያክም፣ እንግዳው ሸክም መሆኑ ይቀንሳል። ለአንዱ ብቻ የተዘረጋ ቧንቧ ግን የጠብ ምንጭ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማንኛውም መጠለያ ሲከፈት ድንኳን ከመተከሉ ጋር የነዋሪው ተጠሪዎች በረድፍ ይመረጡ፤ እኩሌታዎቹ ሴቶች ይሁኑ፤ የሥራ ዘመናቸውም የተወሰነ ይሁን። ሁለተኛ፣ የእርዳታ ስም ዝርዝር በአደባባይ ይነበብ። ሦስተኛ፣ አቤቱታ የሚሰማው ከኮሚቴው ውጭ የሆነ አካል ይሁን፤ የሴቶችንም አቤቱታ ምስጢር በመጠበቅ ሴት ትስማው። በሴቶችና በልጆች ላይ የሚደርስ በደል ወደ ሐኪምና ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ እንጂ በሽምግልና እንዳይድበሰበስ ይደረግ። አራተኛ፣ የመጠለያው ሽማግሌዎችና የቀበሌው ሽማግሌዎች ስለ ማገዶ፣ ስለ ውኃና ስለ ግጦሽ በቀጠሮ ይገናኙ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ካቆመና እጅግ ከቀነሰ ወዲህ በየመጠለያው በደመወዝ የሚሠራው ሰው መሳሳቱ አይቀርም። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሚቀረው ነዋሪው ነው። በደህናው ጊዜ ያልተደራጀ ነዋሪ በክፉ ጊዜ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የተፈናቀለ ሰው አጥር የለውም፤ ድንኳኑ በምላጭ ይቀደዳል። የማይናቅ ባለቤት ሆኖ መቆም የሚችለው ግን ከጎረቤቱ ጋር ሲቆም ነው። የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትና የእርዳታ ድርጅቶች መጠለያ ሲያቅዱ ከድንኳኑና ከኩንታሉ ቁጥር ጎን፣ ነዋሪው የሚሰበሰብበትን ዳስና የሚናገርበትን ሥልጣን በዕቅዳቸው ሊያሰፍሩ ይገባል።