ማንን መስለን እንናገር?

በዲፓርትመንታችን የሰዋስው ጥያቄ ሲነሳ እጁን የሚያወጣ ተማሪ ሞልቷል። «እስኪ ወጥተህ አስረዳን» ሲባል ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት መመሪያ ያደረግነው ይመስለኛል። ቃል የሚያጥረው ተማሪ እንዳለ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችንን የሚያስረን «አክሰንቴ ያስቅብኛል» የሚለው ፍርሃት ነው።

በእኔ አስተያየት የዚህ ፍርሃት ምንጭ እንግሊዝኛ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የቢቢሲው ወይም የሆሊውዱ ነው የሚለው እምነታችን ነው። በሕንድ የተወለዱት የቋንቋ ምሁር ብራጅ ካችሩ እ.ኤ.አ. በ1985 የዓለምን እንግሊዝኛ በሦስት ክበብ ከፍለው አሳይተዋል። በውስጠኛው እንግሊዝና አሜሪካ፣ በሁለተኛው ሕንድ፣ ናይጄሪያና ኬንያ፣ በሦስተኛው ደግሞ እንደ ቻይና ያሉ ቋንቋውን በትምህርት ያገኙ አገሮች አሉ። እኛም ከሦስተኛው ነን። ዛሬ እንግሊዝኛን በትምህርት ያወቀው ሰው አፉን ከፈታበት በቁጥር በእጅጉ ይበልጣል።

በአገራችንም ቢሆን ይህ ቋንቋ ከአንድ አፍ አልመጣም። በንጉሡ ዘመን የሕንድ መምህራን፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት አስተምረውናል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። ያኔ ብዙ ተማሪ «ፈጠነብኝ፣ አልገባኝም» ያለው ጆሮው ለሌላ ቅላጼ ስላልለመደ ጭምር ይመስለኛል።

ታዲያ ይህን ማወቅ ለመናገር ምን ይረዳል? አንደኛ፣ ድፍረት ይሰጣል። የሌጎሱ ሰው በራሱ ቅላጼ አፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ውስጥ ሲናገር ከተደመጠ እኔስ ለምን እፈራለሁ? ሁለተኛ፣ ጆሮ ይከፍታል። ያልሰማ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

«እንግዲያው እንደፈለግን እንናገር ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! ጄኒፈር ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ መግባባትን የሚያደናቅፈውንና የማያደናቅፈውን አነባበብ ለይተዋል። «ዚስ» ብንል ሰሚው ይረዳናል። የአናባቢውን እጥረትና ርዝመት ካልለየን ግን «ሺፕ» ያልነው መርከብ በግ ሆኖ ቁጭ ይላል። አረፍተ ነገር ውስጥ የትኛውን ቃል ጠንከር አድርገን እንደምንጠራም እንዲሁ ወሳኝ ነው። እኛ ግን ይህን ትተን «ዋና»፣ «ጎና» እያልን አፋችንን እናጣምማለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም!

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በስፖክን ኢንግሊሽ ኮርስ ላይ የለንደን ብቻ ሳይሆን የናይሮቢ፣ የሌጎስና የዴልሂ ሰዎች ንግግርም ቢሰማ፣ በቃል ፈተናም «ፈረንጅ መሰለ ወይ?» ከማለት «ተግባባ ወይ?» ተብሎ ማርክ ቢሰጥ ጥሩ ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ጓደኛችን ሲናገር ሳቃችንን እንያዝለት። ነገ ከመካከላችን ብዙዎቹ ጠመኔ ይዘው ክፍል ይገባሉ። የፈራ መምህር ደግሞ የሚፈራ ተማሪ ነው የሚያፈራው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?