መልስ የማይሰጥ ሞግዚት

ናይሮቢ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ቡና ሲፈላ፣ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ሕፃን የእጅ ስልክ ታቅፎ ጥግ ይዞ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ከእንግዶቹ አንዱ ቅር ሲለው አባት «ተወው፣ ቋንቋ ይማርበታል» ይላል። የሚያስበው እንግሊዝኛውን ነው። እናት በበኩሏ ከዩቲዩብ የአማርኛ ተረትና የልጆች መዝሙር መርጣ እየከፈተች፣ የልጇን አማርኛ ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ ጎርፍ እንዳዳነች ታምናለች። ሁለቱም ተሳስተዋል። የእናት ስሕተት ግን ይበልጥ ያሳዝናል፤ የተነሣችው ከበጎ አሳብ ነውና።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ከፊሎቹን ቻይንኛ ተናጋሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አጫወቷቸው፤ ሌሎቹ እነዚያኑ ተናጋሪዎች በቪዲዮ ተመለከቱ። የመጀመሪያዎቹ የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ። በቪዲዮ የተመለከቱት ግን ቻይንኛ ሰምተው ከማያውቁት አልተሻሉም።

ጥፋቱ የመስታወቱ ነው እንዳይባል ደግሞ፣ በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት የሁለት ዓመት ልጆች በቪዲዮ ጥሪ ከሚያነጋግራቸው ሰው አዲስ ቃል ሲማሩ፣ ከተቀዳ ቪዲዮ ግን እንዳልተማሩ አሳይቷል። ጎንደር ያለች አያት በስልኩ «እስኪ ጥርስህን አሳየኝ!» ስትል ልጁ አፉን ይከፍታል፤ እርሷ ትስቃለች፤ እርሱም ደግሞ ይከፍታል። ቋንቋ እዚያ አለ። «ቀዩ ኳስ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የካርቱን ድብ ግን እንቅልፍ የወሰደውንም ልጅ «ጎበዝ!» ይለዋል።

«ታዲያ ወጡን ማን ይሥራ?» የምትል እናት እውነቷን ነው። ዘመድ ጎረቤት በሌለበት ከተማ ግማሽ ሰዓት ፋታ ብትፈልግ የሚወቅሳት አይገባም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ባይፈቅድም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን እስከ 1 ሰዓት ይፈቅዳል። ፋታ ከሆነ ግን ፋታ ይባል። ትምህርት የተባለ ዕለት ሰዓቱ ገደብ ያጣል።

ወቀሳ የሚገባውስ ማታ ገብቶ የራሱን ስልክ የሚከፍተው፣ ከዓመታት በኋላም «ልጁ አማርኛ እምቢ አለ» ብሎ ለወዳጆቹ የሚያማርረው አባት ነው። ልጁ ከእርሱ አንደበት ሲሰማ የኖረው አማርኛ «ብላ»፣ «ተቀመጥ» እና «ዝም በል» ነው።