«የአብራሪው ጥፋት ነው» ብሎ ፋይል መዝጋት ይብቃ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2015 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ፋንተም የተባለ ድሮን ዋሽንግተን በሚገኘው በዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ያበረረው ሰው ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጠጥቷል፤ ጊዜው ሌሊት ነው፤ ቦታው የከተማ መሐል ነው። ድሮኑ ከቁጥጥሩ ሲወጣበት ትቶት ተኛ፤ የት እንደወደቀ የሰማው ሲነጋ ነው። የአብራሪ ጥፋት ለሚባለው ነገር ከዚህ የባሰ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ይሁን እንጂ ድሮኑን የፈተሹት መርማሪዎች ሌላም ነገር አገኙ፤ በወደቀበት ሰዓት በመቆጣጠሪያው ትእዛዝ ሥር አልነበረም። ዐቃቤ ሕግም ክስ ሳይመሠርት ቀረ።

ሰውየው ማብረር አልነበረበትም። ድሮኑም አልታዘዘውም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ዛሬ «ድሮኔ በርሮ ጠፋብኝ» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ግን የመጀመሪያውን እውነት ብቻ ይዞ ይሄዳል። አምራቹም፣ ሻጩም፣ ልምድ ያለው አብራሪም የሚሉት አንድ ነው፤ «መሣሪያው ደህና ነበር፣ ያጠፋኸው አንተ ነህ»። ይህ አባባል በድሮን ዓለም እንደ ሕግ ሆኗል። እኔ ደግሞ ጎጂ ነው እላለሁ። ብዙ ጊዜ በከፊል ትክክል መሆኑ አያድነውም፤ ጉዳቱ ምርመራው መጀመር በሚገባው ቦታ ላይ ምርመራውን መዝጋቱ ነው።

በመጀመሪያ የሌላውን ወገን እውነት ልስጥ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2017 በኒውዮርክ ስታተን አይላንድ አቅራቢያ አንድ ፋንተም 4 ከአሜሪካ ጦር ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። ባለቤቱ ከግጭቱ ቦታ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ ነበርና ድሮኑንም ሄሊኮፕተሩንም አያይም። ድሮኑ አልመለስ ሲለው ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቆ «ተበላሽቶ ውሃ ውስጥ ገብቷል» ብሎ ሄደ። እውነቱ የታወቀው ሄሊኮፕተሩ ላይ ተሰክቶ የተገኘው ስብርባሪ ወደ እሱ ስለመራ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም የአደጋው መንሥኤ ከዓይን እይታ ውጭ ሆን ብሎ ማብረሩ መሆኑን ወሰነ። በየቦታው «መሣሪያው ከዳኝ» ከሚሉት መካከል እንደዚህ ሰው ያሉ ብዙዎች ናቸው። ይህን መካድ አይቻልም።

ግን ቦርዱ በዚያ አላቆመም። ሰውየው ስለ ደንቡና ስለ ጥንቃቄ አሠራሩ ያለው እውቀት የተሟላ አለመሆኑን እንደ ተጨማሪ መንሥኤ መዘገበ። ማለትም «አጠፋ» ካለ በኋላ «ለምን ሊያጠፋ ቻለ?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ተራ ገዢ ለሚያቀርበው አቤቱታ የሚሰጠው መልስ የሚጎድለው ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ የተለመደ የመጥፋት ዓይነት ያሳያል። ድሮን አየር ላይ ረግቶ ለመቆም ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ የት እንዳለ እና ፊቱ ወዴት እንደዞረ። የቆመበትን ቦታ ከጂፒኤስ ያገኛል፤ አቅጣጫውን ከኮምፓስና ከጋይሮስኮፕ። አንድ ሰው ፌሮ ብረት በሞላበት የኮንክሪት ጣሪያ ላይ አስቀምጦ ሲያስነሣው ብረቱ ኮምፓሱን ያሳስተዋል። ኮምፒውተሩም ሰሜን ያልሆነውን ሰሜን ብሎ ይይዛል። ድሮኑ ከፍ ሲል ነፋስ ወደ ምሥራቅ ይገፋዋል፤ ጂፒኤሱም መገፋቱን ይነግረዋል። ስለዚህ ወደ ምዕራብ ለመመለስ ያዘነብላል፤ ምዕራብ የመሰለው ግን ምዕራብ አይደለም። ስህተቱ ትንሽ ከሆነ ክብ እየሠራ ይዞራል። ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ማረሚያው ራሱ ያርቀዋል፤ በራቀ ቁጥርም እመለሳለሁ ብሎ ይበልጥ ይፈጥናል። መሬት ላይ ያለው ሰው ጣቱን ከመቆጣጠሪያው ቢያነሣም ድሮኑ እየሸሸ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ጣት ሲነሣ ቦታውን ለመያዝ የሚሠራው ያው የተሳሳተው ሥርዓት ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ጣሪያው ላይ ያስቀመጠው አብራሪው ነው። የተሰበረ ዕቃ የለም፤ ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ኮምፓሱ ቢመረመሩ ሁሉም ደህና ናቸው። ስለዚህ መዝገቡ «የአብራሪ ስህተት» ተብሎ ይዘጋል። ነገር ግን ሁለት ሴንሰሮች እርስ በርስ ሲቃረኑ የቱን እንደሚያምን፣ ጥርጣሬ ሲኖረው ይነሣ ወይስ አልነሣም ይበል፣ አየር ላይ ሳለ ቅራኔውን ሲያገኝ ምን ያድርግ የሚለውን የወሰነው አብራሪው አይደለም። የወሰነው ሶፍትዌሩን የጻፈው መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፋንተም 4 ሁለት ኮምፓስና ሁለት የእንቅስቃሴ መለኪያ ይዞ መጣ፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያርመው። ችግሩ በአሠራር ሊቀነስ የሚችል ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የጠፉትን ድሮኖች በሙሉ በአብራሪው ትከሻ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም።

ነፋስም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ማቪክ ሚኒ 249 ግራም ይመዝናል። ክብደቱ ከ250 ግራም እንዲያንስ የተፈለገው አሜሪካን በመሳሰሉ አገሮች ለመዝናኛ የሚበር ድሮን ከዚያ ክብደት ጀምሮ መመዝገብ ስላለበት ነው። ይህ ብልህ የገበያ ውሳኔ ነው። ዋጋውም ነበረው፤ ድሮኑ ሊቋቋም የሚችለው ነፋስ በሰከንድ 8 ሜትር ሲሆን የጊዜው ትልልቅ ድሮኖች ግን 10 ሜትር ያህል ይቋቋሙ ነበር። ነፋስ ደግሞ ወደ ላይ ሲወጡ ይበረታል። መሬት ላይ ቅጠል ሳይንቀሳቀስ 100 ሜትር ላይ ድሮኑን የሚወስድ ነፋስ ሊኖር ይችላል። ነፋስን ተከትሎ ሲሄድ ፍጥነቱ ያስደስታል፤ ሲመለስ ግን ባትሪው መንገድ ላይ ያልቃል። ማስታወቂያው «ለጀማሪ የሚሆን» እያለ የሚሸጠውን ዕቃ የገዛ ጀማሪ፣ እንደ ጀማሪ ስላበረረው ጥፋተኛ ይባላል።

መሣሪያው በእርግጥ የተበላሸበት ጊዜስ? ጎፕሮ የተባለው ኩባንያ ካርማ የተሰኘውን ድሮን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 መጨረሻ ነው። ከሁለት ሳምንት ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ 2,500 ያህሉን ከገዢዎች ሰበሰበ፤ አንዳንዶቹ አየር ላይ ሳሉ ኃይል እየተቋረጠባቸው ይወድቁ ነበርና። መንሥኤው የባትሪው መያዣ ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱ የታወቀው ቅሬታዎቹ አንድ ላይ ስለታዩ ነው። ከእነዚያ ገዢዎች አንዱ ብቻውን ቢቀርብ ኖሮ «ባትሪውን በደንብ አልቆለፍከውም» ተብሎ ሊመለስ ይችል ነበር። አንድ ድሮን ሲወድቅ የአብራሪ ስህተት የሚመስለው፣ ብዙ ሲወድቁ የአሠራር ጉድለት መሆኑ ይገለጣል። ቅሬታዎች በኩባንያው እጅ ብቻ ሲከማቹ ግን ሌላው ሰው ያንን ብዛት የሚያይበት መንገድ የለውም።

በአውስትራሊያ የአርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት 150 ያህል የሲቪል ድሮን አደጋዎችን መርምረው የ64 በመቶው መንሥኤ የቴክኒክ ችግር መሆኑን ጽፈዋል። ይህ ቁጥር «ሁሉም የአብራሪ ጥፋት ነው» የሚለውን በቀጥታ ይቃረናል። እኔ ግን ቁጥሩን ገልብጬ «ሁሉም የመሣሪያ ጥፋት ነው» ለማለት አልጠቀምበትም። ጥናቱ የያዘው ሪፖርት የተደረጉትን ነው፤ ዛፍ ላይ ተሰክቶ የቀረውን የጀማሪ ድሮን ማንም ሪፖርት አያደርገውም። የሚያስተምረን ነገር ቢኖር፣ መልሱ በመዘገበውና በመረመረው ወገን ማንነት እንደሚለያይ ነው።

አቪዬሽን ይህን ትምህርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በውድ ዋጋ ተምሮታል። ቢ-17 የተባሉት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሰላም መሬት ከነኩ በኋላ አብራሪዎቹ የክንፉን መታጠፊያ እንመልሳለን ብለው ጎማውን እያጠፉ በሆዳቸው ያስተኟቸው ነበር። መዝገቡ «የአብራሪ ስህተት» ይላል። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው የሥነ ልቡና ባለሙያ ግን ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች አንድ ዓይነት ሆነው ጎን ለጎን መቀመጣቸውን አስተዋለ። በጎማው መቆጣጠሪያ ላይ ትንሽ ጎማ፣ በክንፉ ላይ የክንፍ ቅርጽ ያለው እጀታ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ፤ ችግሩም ተወገደ። አብራሪዎቹ ያው አብራሪዎች ነበሩ፤ የተለወጠው መሣሪያው ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ጉዳይ የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ያው ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ወድቆ ነበር። ሐዘኑ ሳይበርድ ከባሕር ማዶ በአብራሪዎቻችን ላይ ጣት ተቀሰረ፤ ሥልጠናቸው፣ ፍጥነታቸው፣ ውሳኔያቸው ተተቸ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ መሬት ይደፋ የነበረው ሶፍትዌር ግን በአንድ ሴንሰር ንባብ ብቻ የሚሠራ ነበር። ያ ሴንሰር ሲሳሳት አብራሪዎቹ የታገሉት ከራሱ ከአውሮፕላኑ ጋር ነው። የሰው ሕይወት ካለቀበት አደጋ ጋር የጠፋ ድሮንን አላስተካክልም፤ ፈጽሞ አይተካከሉም። የማነጻጽረው አስተሳሰቡን ነው። ሴንሰር ሲሳሳት ሶፍትዌሩ ያምነዋል፣ ሰው ያንን በሰከንዶች ውስጥ ማረም ሲያቅተው ደግሞ ጥፋተኛ ይባላል። ያን ጊዜ ያንገበገበንን ፍርድ፣ ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ዛሬ እኛው ደግመን ልንሰጠው አይገባም።

ፍርዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ደግሞ ይታይ። ድሮን እያንዳንዱን በረራ ይመዘግባል፤ የሞተር ፍጥነት፣ የባትሪ ቮልቴጅ፣ የኮምፓስ ንባብ፣ የጣት እንቅስቃሴ ሳይቀር። ባለቤቱ የሚያገኘው የዚህን መዝገብ የተወሰነ ክፍል ነው፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች ውስጥ ዝርዝሩ የተመሰጠረ ስለሆነ የሚያነበው ኩባንያው ብቻ ነው። ኩባንያው መዝገቡን አንብቦ «የመሣሪያ ብልሽት» ካለ አዲስ ድሮን ይሰጣል፤ «የአብራሪ ስህተት» ካለ ምንም አይከፍልም። የሚከፍለው ወገን ራሱ ዳኛ ነው፣ ማስረጃውም በእሱ እጅ ነው። የኩባንያው ባለሙያዎች ሐቀኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንደዚያም እንደሚሆኑ አምናለሁ። የአንድ ሰው ንብረት ግን በባለሙያ ሐቀኝነት ብቻ መወሰን የለበትም።

አዲስ አበባ ላይ ሰርግ እየቀረጸ የሚኖር ባለሙያ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ድርብ ተጎጂ ነው። ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የጠፋበትን በቀላሉ አይተካም። የሚያበርርበት አየርም የተለየ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ፕሮፔለሮቹ ድሮኑን ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለባቸው፣ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል። አገራችን ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነችም የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚበረታባቸው ዓመታት፣ በተለይ ከመሸ በኋላ፣ በላይኛው ከባቢ አየር የሚፈጠረው መናወጥ የጂፒኤስን ምልክት ያውካል። ባለሙያው ከተጠቃሚ መመሪያው ያልተማረውን ነገር ባለማወቁ ሲቀጣ ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። አምራቾች የእያንዳንዱን በረራ ሙሉ መዝገብ ለባለቤቱ ክፍት ያድርጉ፤ ድሮኑ የእሱ ነው፣ መረጃውም የእሱ ነው። የዋስትና ክርክር ሲነሣ መዝገቡን ከሻጩም ከገዢውም ነጻ የሆነ ሦስተኛ ወገን ይመልከተው። ፈቃድ የሚሰጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም፣ የእኛን ጨምሮ፣ የጠፉ ድሮኖችን ሪፖርት ተቀብለው በሞዴልና በመንሥኤ ለይተው ለሕዝብ ያውጡ። የካርማን ጉድለት የገለጠው የቅሬታዎች መከማቸት ነበር፤ ያ መከማቸት የሚታይበት ቦታ ይኑር።

አብራሪውም ከኃላፊነት ነጻ አይሆንም። ከፌሮ ኮንክሪት ላይ አያስነሣ፤ ድሮኑ በራሱ ሲመለስ የሚበርበትን ከፍታ በአካባቢው ካለው ረጅሙ ሕንፃ በላይ ያድርገው፤ የመነሻው ቦታ መመዝገቡን ሳያረጋግጥ አይራቅ፤ በመጀመሪያ ነፋሱን ተጋፍቶ ይሂድ፣ በመመለሻው ነፋሱ እንዲያግዘው። ከዓይኑ አያርቀው። ይህን ያላደረገ ሰው የድርሻውን ይውሰድ።

ድርሻውን ብቻ ግን። የጠፋ ድሮን ሁሉ ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ሊድን ይችል ነበር፤ በንድፉ፣ በሶፍትዌሩ፣ በመመሪያው፣ በማስጠንቀቂያው፣ በመጨረሻም በአብራሪው እጅ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የመጨረሻውን ብቻ መርጦ መቅጣት ለአምራቹ ርካሽ ነው፤ ለቀጣዩ ገዢ ግን ያንኑ ጉድለት መልሶ ይሸጥለታል።