እናት የነገረችን እና በቅጽ ላይ የምንሞላው

ከሥራ መልስ ራት ተበልቶ ልጆቻችሁ በዙሪያችሁ ሲሰበሰቡ ስለ አያት ቅድመ አያቶቻችሁ ምን ትነግሯቸዋላችሁ? አብዛኞቻችን የምንነግራቸው እኛም በልጅነታችን ከእናቶቻችን አፍ የሰማነውን ነው። ቅድመ አያታችሁ ከዚህ አገር መጣ፣ አያታችሁ የእነ እገሌ ዘር ናት እንላለን። ለዚህ ሁሉ በወረቀት ላይ የሰፈረ ማስረጃ የለንም። እናቷን ማስረጃ አምጪ ብላ የምትጠይቅ ልጅም የለችም።

ከእናት የተሰማ እንዲህ ያለ ቃል በአሜሪካ አንዲት ታዋቂ ፖለቲከኛን ለብዙ ዓመታት ሲያወዛግብ ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፖለቲከኛዋ ወይዘሮ ኤልዛቤት ዋረን ናቸው። በ1949 በኦክላሆማ ተወለዱ፤ ለረጅም ጊዜ የሕግ መምህርት ሆነው ከሠሩ በኋላ በ2012 በተደረገው ምርጫ አሸንፈው የማሳቹሴትስን ክፍለ ግዛት በመወከል የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ።

ስለ እናታቸው የሚተርኩት ታሪክ በተለይ ሠራተኛ ለሆኑ እናቶች እንግዳ አይደለም። ኤልዛቤት የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው በልብ ሕመም ከሥራ ቀሩ። የቤተሰቡ መኪና ሄደ፤ ቤቱም ሊሄድ ሆነ። ያን ጊዜ የ50 ዓመት ሴት የነበሩት እናታቸው ለሠርግና ለቀብር ብቻ የሚያወጡትን ቀሚስ ለብሰው፣ እያለቀሱ፣ ሲርስ ወደሚባለው ትልቅ መደብር በእግራቸው ሄደው በዝቅተኛው ደመወዝ ተቀጠሩ። ቤቱም ተረፈ። እንዲህ ያለች እናት የተናገረችውን ቃል ልጅ እንዴት ትጠራጠራለች?

ታዲያ እኒህ እናት ለልጆቻቸው የነገሩት ሌላም ነገር ነበር። ይኸውም ከወላጆቻቸው ወገን የቼሮኪና የዴላዌር ደም እንዳለባቸው፣ በዚህም የተነሣ የባላቸው ቤተሰብ ጋብቻውን ስለ ተቃወመ ተደብቀው ለመጋባት መገደዳቸውን ነው። ቼሮኪና ዴላዌር ቀድሞ ቀይ ሕንዶች እየተባሉ ይጠሩ ከነበሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሁለቱ ናቸው። በኦክላሆማና በደቡብ ክፍለ ግዛቶች አያቴ ቼሮኪ ነበረች የሚል ተረክ ያለው ነጭ ቤተሰብ እጅግ ብዙ ነው።

ይህ ተረክ በቤት ውስጥ እንደ ተወራ ቢቀር ኖሮ ማንንም ባልነካ ነበር። ነገር ግን ቀስ በቀስ ወደ ወረቀት ወጣ። በመጀመሪያ የወጣው በምግብ አሠራር መጽሐፍ ላይ ነው። በ1984 በኦክላሆማ ፓው ዋው ቾው የተባለ የነባር ሕዝቦች የምግብ አሠራር ስብስብ ሲታተም፣ ወይዘሮ ኤልዛቤት ያበረከቷቸው አሠራሮች ከስማቸው ጎን «ቼሮኪ» የሚል ቃል ታክሎባቸው ወጡ። በ1986 ደግሞ በቴክሳስ የጠበቆች ማኅበር የምዝገባ ካርድ ላይ፣ ዘር በሚለው መስመር፣ በእጃቸው «አሜሪካን ኢንዲያን» ብለው ሞሉ። ካርዱ መረጃው ለስታቲስቲክስ ብቻ እንደሚያገለግል ይገልጻል። ከዚያው ጊዜ ጀምሮ እስከ 1995 ድረስ በሕግ መምህራን የስም ማውጫ ውስጥ ከአናሳ ወገኖች ጋር ተቆጥረዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት የሚያስተምሩበት የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ከአናሳ ወገን የተወለዱ ሴት መምህራን የሉትም ተብሎ ሲወቀስ የእሳቸውን ስም ይጠቅስ ነበር።

ጉዳዩ በ2012 የምርጫ ዘመቻ ላይ በጋዜጣ ሲወጣ ተቃዋሚዎቻቸው ሥራ ያገኙት በዚህ ነው አሉ። ቦስተን ግሎብ የተባለው ጋዜጣ በ2018 ሰነዶችን መርምሮ፣ የቀጠሯቸውንም ሰዎች ጠይቆ፣ ዘራቸው ለመቀጠራቸው ምክንያት እንዳልነበረ ጽፏል። ይህን ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ዶናልድ ትራምፕ ግን «ፖካሆንታስ» እያሉ መቀለዳቸውን ቀጠሉ። ፖካሆንታስ ከአራት መቶ ዓመታት በፊት የኖረች፣ በወጣትነቷ ከአገሯ ርቃ በእንግሊዝ የሞተች የነባር ሕዝብ ልጅ ነች። ስሟ ለስድብ መዋሉ ብቻውን ሊያሳፍር የሚገባ ነገር ነበር።

ወይዘሮ ኤልዛቤት በጥቅምት ወር 2018 የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አስደርገው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ውጤቱም ከስድስት እስከ አሥር ትውልድ ወደ ኋላ አንድ የነባር ሕዝብ ተወላጅ ቅድመ አያት መኖሩን የሚያመለክት ሆነ። እኛ አገር ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር እስከ ሰባት ቤት ነው። ከሰባት ቤት ያለፈ እንደ ባዳ ተቆጥሮ ይጋባል። በዚህ አቆጣጠር ቢሄዱ ያ ቅድመ አያት ዘመድ ለመባልም አጠያያቂ በሆነ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የቼሮኪዎች መልስ ነው። በ1838 እና በ1839 የአሜሪካ መንግሥት ቼሮኪዎችን ከትውልድ አገራቸው በወታደር አስወጥቶ ወደ ዛሬው ኦክላሆማ ሲያጓጉዛቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በብርድ፣ በበሽታና በረሃብ አልቀዋል። እናቶች ልጆቻቸውን በመንገድ ዳር ቀብረው ነው ያለፉት። ከ1898 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ደግሞ መሬታቸው ለየግለሰቡ ሲሸነሸን የዶውስ መዝገብ በሚባለው ሰነድ ስማቸው ሰፈረ። ዛሬ የቼሮኪ ብሔር ዜጋ ለመሆን በዚያ መዝገብ ከሰፈረ ሰው መወለድን ማስረዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ የብሔሩ ባለ ሥልጣኖች፣ ዜጎቻችንን የምናውቀው እኛ እንጂ የደም ምርመራ አይደለም፤ ይህ አድራጎት ትክክል አይደለም ብለው ተቃወሙ።

ይህን ለመረዳት የሰፈራችሁን እድር አስቡ። አያቴ በዚህ ሰፈር ኖራለች የምትል ሴት መጥታ የእድሩ አባል ነኝ ብትል፣ አያቷ በእርግጥ ኖራ ይሆናል። ነገር ግን ስሟ በመዝገቡ የለም፤ ለቅሶ አልደረሰችም፤ ድንኳን ሲተከል አልነበረችም። አባልነቷን የሚያጸድቀው እድሩ ነው እንጂ የእሷ ትዝታ አይደለም። ምሳሌው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ቼሮኪዎች መንግሥትና ፍርድ ቤት ያላቸው ብሔር ናቸው። የሚያሳዝነው ግን ተመሳሳይ ነው። ወይዘሮ ኤልዛቤት ለሠላሳ ዓመታት እናታቸውን አመኑ፤ ቼሮኪዎችን ግን አልጠየቁም። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ በማመን ላይ አይደለም፤ ባለመጠየቅ ላይ ነው። እሳቸውም በ2019 የቼሮኪን ብሔር መሪ ይቅርታ ጠይቀዋል። የ1986ቱ ካርድ በጋዜጣ የወጣውም በዚያው ሰሞን ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ እኅቶቻችሁም ቢሆኑ ከዚህ ቅጽ አያመልጡም። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ጥቁር በሚለው ሣጥን ሥር መነሻን ለመጻፍ በምሳሌነት ከተዘረዘሩት አንዱ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ነበር። እናት ይህን ስትጽፍ የምታውቀውን ነው የምትጽፈው። አባቱ ከሌላ ወገን ለሆነ ልጅም ከአንድ በላይ ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ከ2000 ጀምሮ ተፈቅዷል። አስቸጋሪው የምናውቀውና የሰማነው በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ነው።

እኔም ከዚህ አልዳንሁም። እናቴ ቅድመ አያታችን ዓድዋ ዘምቷል ትለን ነበር፤ እኔም ለልጄ እንዲሁ ነገርኋት። ልጄ ይህንኑ የቤተሰብ ታሪክ ጻፉ በተባሉበት የቤት ሥራ ላይ አሰፈረችው። በዚያው ሳምንት አክስቴ ለጥየቃ መጥተው ደብተሩን ሲያነቡ ሳቁ። «የዘመተው የእሱ ታላቅ ወንድም ነው ይሉ ነበር፤ እሱማ በቅሎ አስረክቦ ተመልሷል ነው የሚባለው» አሉኝ። እናቴ በሕይወት የለች፣ ማንን ልጠይቅ? ልጄን ጠርቼ እንዳታጠፊው፣ ነገር ግን «አያቴ እንደ ነገረችን» የሚል ጨምሪበት አልኋት። በመስመሩ ላይ ቦታ አልተረፈም ብላ በኅዳጉ ላይ ወደ ጎን ጻፈችው።